ኧረ የሰው ያለህ!

ስድሳ ዓመት የተሻገራቸው የአዲስ አበባ ልጆች ተሰባስበው የድሮውን ሌሊት ሲያነሡ ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከድምፅ ነው። ከእንጦጦ ወርዶ የሰፈሩን ቆሻሻ የሚያስሰው ጅብ፣ አንዱ ሲጀምር መንደሩን ሁሉ የሚያዳርሰው የውሻ ጩኸት፣ ብርድ የያዘው ዘበኛ ሳል፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የማይለይ ፊሽካ። አልፎ አልፎ ደግሞ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ከአንዱ ግቢ ድንገት የሚፈነዳ ጩኸት፦ «ኡኡ! ሌባ! ሌባ! ኧረ የሰው ያለህ!»

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ለዛሬ ልጅ ሲነገረው ተረት ይመስለዋል። አባወራው ከበሩ ጀርባ የቆመውን ሽመል ወይም ከዘራ ያነሣል፤ ጫማ ለማጥለቅ እንኳ ሳይታገሥ ጋቢውን እንደተከናነበ ይወጣል። እማወራዋ ፋኖስ ትለኩሳለች። ትራስ ሥር የምታድረው ብርማ የእጅ ባትሪ ትፈለጋለች፤ የባትሪዋ ድንጋይ የደከመ እንደሆነ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በጥርስም ነከስ ነከስ ተደርጎ ጥቂት ቀን እንዲያገለግል ተለምኖ የገባ ነው። መቀርቀሪያ ይሳባል፤ የቆርቆሮ በር በየአቅጣጫው ይንኳኳል፤ ጠባቧ መንገድ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሰው ትሞላለች። ለወራት ሰላምታ የተነፋፈጉ ጎረቤታሞች በዚያች ሰዓት ጎን ለጎን ቆመው «በየት በኩል ሄደ?» ይባባላሉ። ቀበና ወይም ግንፍሌ አጠገብ ያለ ሰፈር ከሆነ መልሱ ይታወቃል፤ ሌባው ወደ ወንዙ ወርዷል። ሰው ግን ቶሎ አይበተንም። የተሰረቀው ይቆጠራል፣ ልጆቹ መደንገጥ አለመደንገጣቸው ይጠየቃል፣ አንዷ እናት ከሰል አያይዛ ቡና ትጥዳለች።

ያልወጣ ሰው ጠዋት ይጠየቃል። «ምነው፣ ማታ አልሰማህም?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። በሰው ጩኸት ያልወጣ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚወጣለት እያሰበ ነበር የሚመልሰው።

የአብዛኛው ሰው ቤት የጭቃ ነበር። ሌባ በሩን ለመስበር ሳይደክም የጓሮውን ግድግዳ ሰርስሮ፣ ጭራሮውን ገልጦ ይገባበት ነበር። መስኮቱ ከሳንቃ፣ መቀርቀሪያው ከእንጨት፣ ጓጉንቸሩ በአንድ የፌሮ ብረት ጥምዘዛ የሚላቀቅ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው ተረጋግቶ ይተኛ ከነበረ ሌላ የሚተማመንበት ነገር ስለነበረው ነው።

ለጩኸት የመውጣት ልማድ ከከተማዋ የበለጠ ዕድሜ አለው። መደበኛ ፖሊስ በአዋጅ የተቋቋመው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ የአራዳ ዘበኞች ነበሯት፤ የባላገሩ ደኅንነት ግን በራሱ በባላገሩ እጅ ነበር። ተበዳይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የበደለውን ሰው ያስቆማል። የቆመው ሰው ከከሳሹ ጋር ኩታ ለኩታ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆኖ ዳኛ ፊት ይሄዳል። መንገድ ላይ ያገኙትን ማንኛውንም መንገደኛ «ፍረደን» ብለው ማስቀመጥም ወግ ነበር። አገር ጎብኚዎች ይህን አይተው በመገረም ጽፈዋል። ጉልበት ያለው ሰው ያንን ቀጭን ቋጠሮ በጥሶ መሄድ አያቅተውም ነበርና። የማይሄደው ቋጠሮውን ያየ ሁሉ ምስክር ስለሚሆንበት ነው።

ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ አፈርሳታ አለ፤ በሌላ ስሙ አውጫጭ። ከብት ጠፍቶ፣ ጎጆ ተቃጥሎ ወይም ሰው ሞቶ ሲገኝ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ከጻፋቸው ልብ ወለዶች አንዱ «አፈርሳታ» የሚል ርእስ ያለውና የአንድ ጎጆ መቃጠል ባስነሣው ጉባኤ ዙሪያ የተገነባ ነው። አፈርሳታ አሰልቺ፣ ከእርሻ የሚያስፈታ፣ አንዳንዴም ንጹሕ ሰው የሚጠቆምበት ሸንጎ ነበር። ቢሆንም «የጎረቤቴ ጎጆ መቃጠል እኔን አይመለከተኝም» የሚልን ሰው የማይቀበል ሥርዓት ነው። ሌባ ሻይ የሚባለው የሌባ ማውጫ ልማድ ግን ከዚህ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባውም። ልጅ መድኃኒት እየጠጣ፣ ደንዝዞ እየተንገዳገደ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር፤ በዚህ ስንት ምስኪን ቤቱ እንደፈረሰ የሚነግረን የለም። የድሮን ነገር ሁሉ በናፍቆት መጠቅለል የማይገባው ለዚህ ነው።

በከተማዋ ደህና ኑሮ ያለው ሰው ዘበኛ ይቀጥር ጀመር። ዘበኛው ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣ ጎልማሳ ወይም ከውትድርና የተሰናበተ አዛውንት ነው። ያረጀ የወታደር ካፖርት፣ በላዩ ጋቢ፣ እጁ ላይ ዱላ፣ አንዳንዱ ትከሻ ላይ ጥይቱ የተቆጠረ አሮጌ ጠመንጃ። ማደሪያው ከበሩ ጥግ የቆመች፣ አንድ ሰው ተኮራምቶ ብቻ የሚቀመጥባት የቆርቆሮ ቤት ናት። በክረምት ሌሊት ከጣሳ በተሠራ ምድጃ ፍም ይዞ እግሩን ሲያሞቅ ያድራል። ራቱ ከትልቁ ቤት በሳህን ይመጣለታል፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ እንቅልፉ የተሰረቀ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ፊደል ከቆጠሩት ጎልማሶች መካከል እንዲህ ያሉ ዘበኞች ነበሩ። በበሩ አምፖል ብርሃን ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ «ሀ ሁ» የሚለውን ሽማግሌ ብዙዎች ያስታውሱታል። የቤቱን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀበል፣ የሰፈሩን ወጪ ወራጅ በእርምጃው የሚለይ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ የሚያውቅ እሱ ነበር። ይህ እውቀት ከዱላውም ከጠመንጃውም በላይ ዋጋ ነበረው። ስሙን ሳያውቁት «አንተ ዘበኛ!» እያሉ ያሳደሩት ግን ብዙ ናቸው፤ ሊያሳፍር ይገባል።

ከዘበኛው ቀጥሎ ውሻ ነው። ቀን ታስሮ፣ ሲመሽ ይፈታል። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል በእጅ የተጻፈ ቆርቆሮ ይሰቀላል፤ አንዳንዱ ግቢ ጽሑፉ ብቻ ነበረው።

ማታ በእግር ለሚሄድ ሰውም ወግ ነበር። አምሽቶ የሚወጣ እንግዳ ብቻውን አይለቀቅም። የቤቱ ወንድ ልጅ ባትሪውን ይዞ አስፋልት ድረስ ይሸኘዋል፤ ሸኚው ልጅ ነው ከተባለ ደግሞ ሌላ ሰው ይጨመራል፣ ሲመለስ ብቻውን እንዳይሆን። ማጅራት መቺ የሚፈራባቸው ቦታዎች፣ ድልድዮችና ጭር ያሉ ቁልቁለቶች ተለይተው ይታወቁ ነበር። ሴት ልጅ ማታ ከሥራ ወይም ከማታ ትምህርት የምትመለስ ከሆነ አባት ወይም ወንድም ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ራስን ስለ መከላከል የሚያስተምር ሰው ሳይኖር፣ የመጀመሪያው ትምህርት «ብቻህን አትሂድ» የሚል ነበር። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ዛሬም ከዚህ የሚበልጥ አልተገኘም።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪውን በቀበሌ ማኅበር አደራጀው። ጎረቤት ለጎረቤት በፈቃዱ ይወጣ የነበረበት ነገር በመዝገብ ገባ። ሮንድ ተባለ፤ ተራ ወጣ፤ አባወራው ተራው ሲደርስ ካፖርቱን ደርቦ ሰፈሩን ሲዞር ያድራል። ሰዓት እላፊ ነበርና ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ የሚገኝ ሰው ወይ ሮንድ ነው ወይ ተጠርጣሪ። እንግዳ የሚያሳድር ሰው ለቀበሌ ያስታውቃል። የዚያን ዘመን ሰዎች «ሌባ ቀንሶ ነበር» ሲሉ ይሰማሉ፤ ምናልባት እውነት ነው። የተከፈለው ዋጋ ግን አብሮ መነገር አለበት።

ቀበሌው የታጠቁ አብዮት ጠባቂዎች ነበሩት። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ በር የሚያንኳኩት የሰፈሩ ሰዎች ጭምር ነበሩ። ማን የት እንደሚተኛ፣ የማን ልጅ ሰሞኑን እንደጠፋ፣ የትኛው ቤት ጓሮ በር እንዳለው ያውቃሉ። ለዓመታት ሰፈርን ከሌባ የጠበቀው እውቀት በአንድ ሌሊት በሰፈሩ ልጆች ላይ ዞረ። በቀይ ሽብር ዘመን እናቶች ኡኡ ማለት ፈሩ። ልጁ በደጁ ለተገደለበት ሰው ማልቀስ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ጩኸት ተሰምቶ በር ያልተከፈተው ያኔ ነው፤ ከፍርሃት ብዛት። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳዎች ላይ ፎቶዎቻቸው ከተሰቀሉት ወጣቶች ብዙዎቹ ከቤታቸው ተወስደው የቀሩ ናቸው። ጎረቤትን ስለ መጠባበቅ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሰላይ እንዲሆን የተደረገበት ሰፈር ከሌባ ቢድን እንኳ ዳነ አይባልም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት በጠፋባቸው ቀናት ደግሞ የድሮው የጎረቤት መጠባበቅ ብልጭ አለ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ከአገር ወጣ፤ ኢሕአዴግ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ገባ። በመካከሉ የተበተነው ወታደር መሣሪያውን በመንገድ ይሸጥ፣ ይጥል ነበር፤ መጋዘኖች ተዘረፉ። ሰፈር ሰፈሩ ማንም ሳያዘው በየመንገዱ ጫፍ ድንጋይ ደርድሮ፣ እሳት አንድዶ አደረ። ሽመል የያዘና ክላሽንኮቭ የያዘ በአንድ እሳት ዙሪያ ተቀመጠ። ግንቦት 27 ንጋት ላይ በንፋስ ስልክ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ከተማዋ ስትንቀጠቀጥ፣ ሰው ልጆቹን ታቅፎ የሮጠው ወደ ጎረቤቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በየቀበሌው የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ ተመረጠ።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ፤ እሱም ሳይነገር አይታለፍም። «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸት ሰው ገድሏል። መርካቶ ወይም አውቶቡስ ተራ ይህ ጩኸት ተነሥቶ፣ አንድ ወጣት ወድቆ፣ የሰረቀውን ነገር እንኳ የማያውቅ መንገደኛ ሁሉ ሲረግጠው ያየ ሰው ያንን አይረሳም። ያ ወጣት ሌባ ላይሆንም ይችላል። ለእርዳታ መውጣትና ለመበቀል መውጣት በአንድ ጩኸት የሚጀመሩ፣ ነገር ግን ፍጹም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሕጉ ይህን ልዩነት ለይቶ ያስቀምጣል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሕጋዊ መከላከልን ያውቃሉ። በአሁኑ ሕግ አንቀጽ 78 ላይ ነው። ሕገ ወጥ የሆነ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ጥቃትን ከራሱ ወይም ከሌላ ሰው ላይ ለመመለስ የተደረገ ድርጊት አያስቀጣም፤ ነገር ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል፣ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 79 የመከላከልን መጠን ስላለፈ ሰው ይናገራል፤ ዳኛው ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ከድንጋጤ ወይም ይቅር ሊባል ከሚችል ፍርሃት የተነሣ ከሆነ ጭራሹን ላይቀጣውም ይችላል። ሕግ አውጪው ሌሊት በደነገጠ ሰው ቦታ ራሱን አስቀምጦ አስቧል ማለት ነው። ሌባው ዕቃውን ጥሎ ሲሮጥ ግን ጥቃቱ አብቅቷል። ከኋላው ተከትሎ አጥሩ ሥር መቀጥቀጥ፣ ወይም ተይዞ እጁ ታስሮ ሳለ መምታት መከላከል አይደለም፤ ወንጀል ነው። ጠመንጃና ሽጉጥ ቤት ማኖርም ያለ ፈቃድ እንደማይቻል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ይደነግጋል። በትራስ ሥር ያደረ ሽጉጥ ሌባ ከማስደንገጡ በፊት የቤቱን ሕፃን እጅ ሊያገኝ እንደሚችል ለወላጅ መንገር አያስፈልግም።

ከደርግ ውድቀት ወዲህ ያለውን ሁሉም ያየዋል። የቆርቆሮው አጥር ግንብ ሆነ፤ ግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተከለ፤ በስባሪው ላይ እሾሃማ ሽቦ ተጠመጠመ፤ ከሽቦውም በላይ የኤሌክትሪክ አጥር መጣ። መኪና ያለው ሰው ስፖኪዮው እንዳይነቀል የታርጋ ቁጥሩን መስተዋቱ ላይ አስቀረጸ። ዘበኛው «ጥበቃ» ተባለ፤ የደንብ ልብስ ለበሰ፤ ከድርጅት የሚላክ ሆነና የሰፈሩን ሰው ሳያውቅ ይቀየራል። ካሜራው የሌባውን ፊት በደንብ ይቀርጻል፤ ቀርጾ ያስቀምጠዋል። ካሜራው ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ካሜራ በር ከፍቶ አይወጣም።

በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከመሬት አንሥቶ ፎቅ ላይ አኖረው። አንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ አንድ ግድግዳ የተጋሩ ሰዎች ስም ለስም ሳይተዋወቁ ዓመት ያልፋል፤ ግማሹ ተከራይ ነው፣ ነገ ይለቃል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ በዓመቱ ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሣው ነዋሪ ከተማዋ ዳር ወዳሉ ሰፈሮች ሲበታተን፣ ቤቱን ብቻ አይደለም ያጣው። በእድር መዝገብ አብሮ ለአርባ ዓመት የተጻፈ፣ ድምፁን በጨለማ የሚለይ ሰው ነው የተለያየው። አዲሱ ቤት ውኃ ቤት ውስጥ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳውም ብሎኬት ነው። ኡኡ ቢባል ማን እንደሚወጣ ግን እንደ አዲስ መሠራት አለበት፤ ይህን ደግሞ ኮንትራክተር አይሠራውም።

ፍርሃቱ ከመስኮት ብረት ጋር አዲስ አደጋም አምጥቷል። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ያለ ብዙ መኖሪያ መስኮቱ፣ በረንዳው፣ ከበሩም ውጭ ሌላ የብረት በር ተበይዶበታል። አብዛኛው ፍርግርግ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ የታሰረ ነው፤ ከውስጥ አይከፈትም። ማታ የበሩ ብረት በጓጉንቸር ይቆለፍና ቁልፉ የእናት ቦርሳ ውስጥ፣ የአባት ኪስ ውስጥ ያድራል። መብራት ሄዶ ሻማ ይበራል፤ ከሰል ቤት ውስጥ ይገባል፤ ሲሊንደር ጥግ ላይ ቆሟል። እሳት ቢነሣ ሌባን ያስቀረው ብረት ልጆቹን ያስቀራል። ሠራተኛ ልጆች ይዛ ከውጭ ተቆልፎባት የምትውልበት ቤት ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ይህ ከሌባ የሚብስ አደጋ ነው፣ ዛሬውኑ መቆም አለበት።

ስለዚህ ለአንባቢ የሚቀርበው ልመና ትንሽና የሚቻል ነው። የብረት ፍርግርግ ካሰሩ ቢያንስ አንዱን መስኮት በማጠፊያ አድርገው ከውስጥ የሚከፈት ያድርጉት፤ ቁልፉ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ልጅ እጁ በሚደርስበት ነገር ግን ከውጭ በማይታይበት ይሰቀል። በግራና በቀኝ፣ ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ስም ጠይቀው ስልካቸውን ይያዙ፤ የእርስዎንም ይስጡ። በሩ ላይ የሚያድረውን ጥበቃ ስሙን ይወቁት፤ ለብርዱም ያስቡለት። የፖሊስን 991 እና የእሳት አደጋን 939 በትልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። የኮንዶሚኒየም ማኅበርዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰበሰብ፣ ከጥበቃ ደመወዝና ከውኃ ሞተር ቀጥሎ አንድ አጀንዳ ያስይዙ፦ ሌሊት ከአንዱ ቤት ጩኸት ቢሰማ ማን ቀድሞ ይደውላል፣ ማን ይወጣል፣ ሌባ ቢያዝስ ሳይመታ ለፖሊስ እስኪሰጥ ማን አጠገቡ ይቆማል። ስሞቹ በቃለ ጉባኤ ይጻፉ።